በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጎጃም ላለ ቤት የውሳኔ መመሪያ

ሚያዝያ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ባሕር ዳር ያለችው ታናሽ እህቴ ከሱቅ ውስጥ ሆና ደወለችልኝ። «ወንድምጋሼ፣ በሩ ላይ ብርጭቆ ስታስጠጋ በረዶ የሚሰጥ ፍሪጅ አግኝቻለሁ። ልውሰደው?» አለችኝ። ከኋላዋ ሻጩ ሲያግባባት ይሰማኛል። ባሕር ዳር በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በረዶ ቢያምራት አልፈርድባትም።

«ገንዘቡን እንዳትከፍይ። መጀመሪያ ቤት ግቢና ውሃሽን እዪ» አልኳት።

ግራ ገባት። ፍሪጅ ለመግዛት ውሃ ማየት ምን ያደርጋል? ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ግማሹ የቧንቧ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የመብራት ጉዳይ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም አይታዩም።

እኔ ይህን የተማርኩት ጤፍ አበላሽቼ ነው። ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ በተከራየሁት ቤት እንዲህ ያለ ፍሪጅ ነበር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንድ ሌሊት ውሃው ሲመለስ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ቀጭን ቱቦ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ሁላችንም ተኝተናል። ጠዋት ስንነሳ ወጥ ቤቱ ኩሬ ሆኗል። ግድግዳው ሥር የተቀመጠው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከታች ርሷል። ያ ጤፍ እስካሁን ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ሰው ስለዚህ ዕቃ ሲጠይቀኝ ችኮላ የማልወደው።

ከዚህ በታች ያለው በዚያ ቀን ለእህቴ የነገርኳት ነው። በቅደም ተከተል ሂዱ። አንዱ ደረጃ ላይ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ እዚያው ቁሙ።

አንደኛ፦ በረዶውን ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ በረዶ የተፈለገበትን ጊዜ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማን ፈለገ? ለምን? ስንት ፍሬ? በግምት አትሂዱ። ሱቅ ውስጥ ስንቆም ሁላችንም በየቀኑ እንግዳ የሚመጣብን ይመስለናል።

እዚህ ላይ የምትኖሩበት ቦታ ብዙ ይወስናል። እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምት ከገባ ማን በረዶ ይጠይቃል? ምግብ ቤት ገብታችሁ ውሃ ስታዝዙ አስተናጋጇ «ቀዝቃዛ ነው ኖርማል?» ስትላችሁ ብዙው ሰው «ኖርማል» ይላል። ባሕር ዳር ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ካላችሁ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ቢኖር አይጠላም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ተራ የበረዶ ትሪ 12 ፍሬ ይይዛል እንበል። አንዱ ፍሬ 20 ግራም ቢሆን ትሪው 240 ግራም ይሰጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት ፍሬ ቢፈልግ 600 ግራም ነው። ይህ ሁለት ትሪ ተኩል ማለት ነው። ሦስት ትሪ ኖሯችሁ ጠዋትና ማታ ብትሞሉ 1.4 ኪሎ ግድም ታገኛላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያለ በረዶ መሥሪያ በቀን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ይህችው ናት። እህቴ ስትሰማ ዝም አለች።

ሳምንቱን ስትቆጥሩ በቀን ከአንድ ኪሎ በታች ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት እዚሁ ጨርሳችኋል። ጥሩ ፍሪዘር ያለው ተራ ፍሪጅና ሦስት ክዳን ያላቸው ትሪዎች ይበቋችኋል።

ከሁለት ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ የቤት ፍሪጅ አይበቃችሁም። ለምሳሌ ጣና ዳር ቀረሶና አምባዛ ለሚሸጥ ሰው ይህ ዕቃ ምንም አያደርግለትም። በሞቃት አገር ዓሣ በበረዶ ሲያዝ የተለመደው ልክ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው። ዐሥር ኪሎ ዓሣ ዐሥር ኪሎ በረዶ ይፈልጋል። ጁስ ቤት ያለውም እንደዚያው ነው። እነሱ ራሱን የቻለ የበረዶ ማሽን ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛ፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሻጩ «በረዶ ይሠራል» ሲል አራት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክፈቱና እዩ።

የመጀመሪያው ውሃ በእጅ ትሞሉበታላችሁ፤ ሲረጋ መያዣውን ትጠመዝዛላችሁ፤ በረዶው ከሥሩ ባለው ሳጥን ይወድቃል። ይህ በሥሙ ብቻ ነው «በረዶ መሥሪያ» የሚባለው። ምቹ ትሪ ነው። አይበላሽም። እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ሁለተኛው ከቤቱ ቧንቧ ጋር በቀጭን ቱቦ ይያያዛል። ውሃውን ራሱ ይስባል፣ ያረጋል፣ በረዶው የረጋበትን ትሪ ትንሽ አሙቆ ፍሬውን ያላቅቃል፣ ሳጥኑ ሲሞላ ያቆማል። አከራዬ ቤት የነበረው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቧንቧ አይፈልግም። ፍሪጁ ውስጥ ጥቂት ሊትር የሚይዝ ጋን መሰል ማጠራቀሚያ አለው። ውሃውን እናንተ ትሞላላችሁ፤ ቀሪውን እሱ ይሠራል።

አራተኛው ከፍሪጁ ውጭ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን። ውሃ ጨምራችሁ ስትሰኩት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን በረዶ ይሰጣል። ግን ማቀዝቀዣ አይደለም። የሠራውን ካላነሣችሁለት ቀልጦ ወደ ውሃው ይመለሳል። ለሰርግ ሰሞን ተውሶ መመለስ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፦ ውሃው

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ከቧንቧ የሚያያዘው ዓይነት ግፊት ይፈልጋል። አብዛኞቹ አምራቾች ቢያንስ 1.4 ባር ይላሉ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ አለ። ያ ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይከፈታል። ግፊቱ ከደከመ በዚያች ጊዜ ውስጥ በቂ ውሃ አይገባም። በረዶው ቀጭን፣ ባዶ፣ ወይም ግማሽ ይሆናል። ከዚያም የባሰ፣ ቫልቩ ራሱ በደንብ ለመዘጋት የውሃው ግፊት ያግዘዋል። ግፊቱ ሲያንስ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ያ ጠብታ ፍሪዘሩ ውስጥ የበረዶ ቋጥኝ ይሠራል።

አሁን ወደ ግቢያችሁ ውጡና ሮቶአችሁን እዩ። ከቧንቧው አፍ ስንት ሜትር ከፍ ይላል? አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። የእህቴ ሮቶ ብረት ማማ ላይ ነው፤ ከወጥ ቤቷ ቧንቧ በሦስት ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ያላት 0.3 ባር ነው። 1.4 ባር ለማግኘት ሮቶው 14 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ያ አራትና አምስት ፎቅ ነው! ሮቶ ላይ የሚኖር ቤት ይህን ፍሪጅ ከፈለገ ፓምፕ መግጠም ግድ ነው። የፓምፑን ዋጋ፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ክፍያና የመብራቱን ወጪ ከፍሪጁ ዋጋ ላይ ደምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል።

በቀጥታ ከመሥመር ውሃ የሚያገኝ ቤት ግፊቱ ሊበቃው ይችላል። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርታችሁ በግፊት መለኪያ አስለኩት። ውሃው በመጣበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሚዳከምበትም ሰዓት ይለካ።

በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ነው፤ አየርም ይገፋል። ድፍርሱ ማጣሪያውን ይደፍናል። አየሩ ደግሞ ቱቦውን ይደበድባል። የኔን ጤፍ ያስበላው ይህ ይመስለኛል። ከቧንቧ የሚያያዘውን ከመረጣችሁ ከፍሪጁ በፊት በእጅ የሚዘጋ የራሱ መዝጊያ ይኑረው። ውሃ ሲጠፋ ዝጉት። ሲመለስ ቧንቧውን ከፍታችሁ ድፍርሱን አፍስሱ፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ክፈቱለት። ማታ ማታ ዘግታችሁ ብትተኙም ክፋት የለውም።

ማጣሪያው በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ሻጩን «ይኸው ማጣሪያ እናንተ ጋ አለ? አሁን አሳዩኝ» በሉት። «ይመጣል» ካለ የለውም ብላችሁ ቁጠሩ። ከአዲስ አበባ በሰው እያስላኩ በዓመት ሁለቴ መቀየር ይሰለቻል። ሲሰለች ይቀራል። የቆየ ማጣሪያ ደግሞ ቆሻሻ ያጠራቅማል።

አራተኛ፦ በረዶው ንጹሕ ነው?

ይህን የምጽፈው ልጆች ላሏቸው ቤቶች አስቤ ነው። ብዙ ሰው «ቀዝቅዞ ደርቋል፤ ተሕዋስያኑ ሞተዋል» ብሎ ያምናል። ትክክል አይደለም። ብርድ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አስተማማኝ ሆኖ አይገድለውም። በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ አብሮ ይነቃል። የማትጠጡትን ውሃ በረዶ አታድርጉት። ነገሩ ይኸው ነው።

የፍሪጁ ማጣሪያም አያድናችሁም። አብዛኛው የክሎሪን ሽታና ጣዕም የሚቀንስ ነው። ማጣሪያው ጀርም እንደሚያስቀር በግልጽ ካልተጻፈበት በቀር እንደዚያ አትቁጠሩት።

ስለዚህ አፍሉ። እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ የት እንዳላችሁ ማወቅ አለባችሁ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ሰው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ቢያቆየው ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለ ሰው ሦስት ደቂቃ ያቆይ። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም አንድ ደቂቃ። ቡሬ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ ሦስት ደቂቃ። ማፍላት የማይመቸው ሰው «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገለጣል። ከቧንቧ የሚያያዘው ፍሪጅ የፈላ ውሃ አይቀበልም። የመጣለትን ያረጋል። ማጠራቀሚያ ያለው ግን እናንተ የሰጣችሁትን ነው የሚያረጋው። አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ትሞሉታላችሁ። ስለዚህ «በረዶ መሥሪያ ካልኖረው ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ ለጎጃም ቤት እኔ የምመክረው ማጠራቀሚያ ያለውን ነው። ግፊት አይፈልግም። አያጥለቀልቅም። ውሃውን ታውቁታላችሁ። ማጠራቀሚያውን ብቻ በየሳምንቱ እጠቡት፤ ካልታጠበ ውስጡ ልጋግ ይይዛል።

አምስተኛ፦ መብራት

መብራት ሲጠፋ ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመው በረዶ ላዩ ይቀልጣል። ሲመለስ ይረጋል። ፍሬዎቹ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ይሆናሉ። በበሩ በኩል በረዶ የሚሰጠው ዓይነት በረዶውን የሚገፋ ጠመዝማዛ ብረትና ሞተር አለው። ያ ድንጋይ ሲገጥመው ይነክሳል። በኃይል ብትጫኑት ፕላስቲኩ ይሰበራል። እንዲህ ከሆነ ሳጥኑን አውጥታችሁ ባዶ አድርጉት፤ በቢላዋ አትፈልጡት።

የመብራት ወጪው ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፍሪጅ ሲለካ ለራሱ በረዶ ለሚሠራ መሣሪያ በዓመት 84 ኪሎዋት ሰዓት ይታሰብ ነበር። በኋላ ወደ 28 ዝቅ ተደርጓል። ስለዚህ ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበው የመብራቱ መዋዠቅ ነው። መብራት ሄዶ ቶሎ ሲመለስ፣ ወይም ከልኩ በላይ ሲመጣ፣ ኮምፕረሰሩም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውም ይጎዳል። በረዶ መሥሪያ ያለው ፍሪጅ ደግሞ ሰሌዳው ውስብስብ ነው። ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። ስታቢላይዘሩ መብራት ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆጥሮ የሚለቅ ይሁን።

ውጭ ያለ ዘመድ ከአሜሪካ ፍሪጅ ልላክ ቢላችሁ በደንብ አስቡበት። የነሱ በ115 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። በ60 እንዲዞር የተሠራ ሞተር በ50 ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል። ደስ ብሎት የላከውን ሰው ማሳዘን ይከብዳል፤ ግን ሳይጭን በፊት ንገሩት። በዚያው ገንዘብ እዚሁ አገር የሚሠራ ይገዛላችኋል።

አሁን መብራት የሚጠፋበት ቤት ማድረግ ያለበትን ልንገራችሁ። በረዶ መሥሪያ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም ይሠራል።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችን እጠቡ። ውሃ ሙሉባቸው፤ ግን ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ይሁን። ውሃ ሲረጋ ወደ ዘጠኝ በመቶ ይሰፋልና ሙሉ ከሆነ ይፈነዳል። ፍሪዘሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ሁሉ ላይ አስተኟቸው። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ያለ መብራት ወደ 48 ሰዓት በረዶነቱን ይይዛል። ግማሹ ባዶ ከሆነ 24 ሰዓት ብቻ። የፍሪጁ ክፍል ግን አራት ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለት ጠርሙስ ወደዚያ አውርዱለት።

ይህ በተለይ ለዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ የሚገባው ባሕር ዳር በጣም በሚሞቅበት ወቅት ነው። ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ፍሪዘሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ ፍሪዘር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ከቅበላ ማግስት ጠርሙሶቹን ሙሉና ደርድሩ። 55 ቀን ሙሉ ብርዱን ይጠብቁላችኋል። የፋሲካ ዋዜማ አውጥታችሁ ለዶሮውና ለሥጋው ቦታ ልቀቁ። በረዶ መሥሪያ ያለው ፍሪዘር ግን ይህን ያህል ነፃነት የለውም። መሣሪያውና ሳጥኑ የላይኛውን ቦታ ወስደውታል፤ ዶሮ ሲመጣም አይነሡም። ሱቅ ውስጥ ፍሪዘሩን ከፍታችሁ ለፋሲካ የምታስገቡትን አስቡ፤ በእጃችሁ ለኩት።

ለበዓል ገጠር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። አንድ ስኒ ውሃ አርጉና ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከበረዶው ላይ እንዳለ ከሆነ ፍሪዘሩ አልቀለጠም። ሳንቲሙ ሥር ከወረደ ግን እናንተ በሌላችሁበት ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ሥጋውን አትመኑት።

ስድስተኛ፦ ወጥ ቤታችሁ ራሱ ቀዝቃዛ ነው?

ይህ የደጋ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ የባሕር ዳር ሰው ይለፈው።

ብዙ ፍሪጅ ጀርባው ላይ ወይም ውስጡ የአየር ጠባይ ምልክት አለው። «ኤን» (N) ወይም «ኤስ ቲ» (ST) የሚል ከሆነ ወጥ ቤቱ ከ16 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። «ቲ» (T) የሚለውም ከ16 ይጀምራል፤ እስከ 43 ይችላል። «ኤስ ኤን» (SN) የሚለው እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል። እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ በነሐሴ ሌሊት ወጥ ቤት ከ16 በታች መውረዱ የተለመደ ነው።

ታዲያ ምን ይሆናል? ርካሽ ፍሪጆች አንድ ሙቀት መቆጣጠሪያ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ያለው በፍሪጁ ክፍል ነው። ክፍሉ በራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ «በቅቶኛል» ብሎ ሞተሩን ያሳርፋል። ፍሪዘሩ ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ ነበረበት። ሞተሩ ስላላገዘው ይለሰልሳል። በረዶ መሥሪያውም ትሪው በቂ ካልቀዘቀዘ ሥራ አይጀምርም። ሰዎች «ክረምት ሲገባ በረዶው ቆመ፤ ተበላሸ» የሚሉት አንዳንዴ ይህ ነው። ደጋ ላይ ከሆናችሁ «ኤስ ኤን» የሚል ፈልጉ፤ ለፍሪዘሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለውን ብታገኙ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ሰባተኛ፦ ማን ይጠግነዋል?

አጭር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከተማችሁ ያለ የፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ ሂዱና የሞዴሉን ፎቶ አሳዩት። «በረዶ መሥሪያውን ትሠራዋለህ? ዕቃውስ ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከፍሪጅ ክፍሎች ውስጥ ቶሎ ከሚበላሹት አንዱ ይኸው መሣሪያ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገርና ውሃ አንድ ላይ አሉበትና። ጠጋኙ ራሱን ከነቀነቀ እመኑት። ባለሙያው ያላየውን ዕቃ እናንተ ላይ አይማርበት።

ስምንተኛ፦ አሁን ወስኑ

ወረቀቱን አምጡ። በቀን ከአንድ ኪሎ በታች ከሆነ አትግዙ። ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከሆነና የዋጋው ልዩነት ካልከበዳችሁ ማጠራቀሚያ ያለውን ግዙ። ከቧንቧ የሚያያዘውን የምትገዙት አራት ነገር አንድ ላይ ከተሟላ ብቻ ነው፦ የማይቋረጥ ውሃ፣ 1.4 ባር ግፊት፣ እዚሁ የሚገኝ ማጣሪያ፣ የሚያውቀው ጠጋኝ። አንዱ ከጎደለ ይቅርባችሁ። በበሩ በኩል በረዶ የሚሰጠውን ግን አራቱ ቢሟላም አልመክርም። በሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ብርድ ያሾልካል፣ ሞተሩ ይጨመራል፣ ልጆች እየተጫኑ ይጫወቱበታል።

የገዛችሁ ሰዎች፣ የመጀመሪያውን ቀን በረዶ ሁሉ ድፉት። አዲሱ ቱቦና ማጠራቀሚያ የፕላስቲክ ጣዕም አለው። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ወቅት ሲመጣ መሣሪያውን አጥፉት፣ ሳጥኑን አጥባችሁ አድርቁት። የቆየ በረዶ የፍሪጁን ሽታ ሁሉ ይጠጣል።

ያልገዛችሁ ሰዎች ደግሞ ትሪውን በደንብ ያዙት። ውሃውን አፍሉ። ክዳን ባለው ዕቃ አቀዝቅዙት። እጃችሁን ታጥባችሁ ትሪው ላይ አፍስሱ፤ ከጫፉ ትንሽ አጉድሉ። ክዳን ያለው ትሪ ይሁን፤ ክዳን ከሌለው ንጹሕ ፌስታል ውስጥ አስገቡት። ክፍት ከተቀመጠ በረዶው ቅቤ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ጎጃም ቤት ፍሪዘር ውስጥ የሌለ ሽታ የለም። ከፍሪዘሩ ወለል ጋር በደንብ ይገናኝ፤ ቶሎ ይረጋል። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሲረጋ ገልብጣችሁ በሚዘጋ ዕቃ አጠራቅሙና ትሪውን እንደገና ሙሉት። ለምትጠብቁት ድግስ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ ብታጠራቅሙ አራት ኪሎ ይሞላል። በረዶውን ከዕቃው ስታወጡም በእጅ ሳይሆን በማንኪያ ይሁን።

እህቴ ያን ፍሪጅ ትታው ወጣች። በሳምንቱ በረዶ መሥሪያ የሌለው፣ ፍሪዘሩ ሰፋ ያለ ሁለት በር ገዛች። በተረፋት ገንዘብ ስታቢላይዘርና ክዳን ያላቸው ሦስት ትሪዎች ጨመረች። ማታ ደውላ ውሃው ስንት ደቂቃ ይፍላ ብላ ጠየቀችኝ። ባሕር ዳር ስለሆንሽ አንድ ደቂቃ ይበቃል አልኳት። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ሦስት ነው።